አሮጌ የጦር ካሚዮኖችን ስለ መለየትና ታሪካቸውን ስለ መከታተል

ያለፈውን ዘመን የሚመረምር ሰው ልማዱ ብራናን፥ ደብዳቤንና የሽማግሌን ቃል መጠየቅ ነው። ይሁን እንጂ በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር አገራችንን በወረረ ጊዜ የጭነት ካሚዮን ከመድፍና ከአውሮፕላን ያላነሰ ሥራ ስለ ሠራ፥ ካሚዮኑም ራሱ ሊጠየቅ የሚገባው ምስክር ነው። ማርሻል ባዶሊዮ ከደሴ ተነሥቶ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው ከ1,600 የሚበልጡ ተሽከርካሪዎችን አሰልፎ ሲሆን፥ ጣርማ በር ላይ መንገዱ ፈርሶ ስለ ቈየው ሰልፉ ለጊዜው ተገትቶ ነበር።

ከዚያ ዘመን የተረፈ ካሚዮን ሲገኝ ተመራማሪው የሚያገኛቸው ምስክሮች አራት ናቸው፤ እነርሱም ሻንሲው፥ በላዩ የተገጠሙት ክፍሎች፥ ቀለሙና ሰሌዳው፥ እንዲሁም የጠጋኞቹ ቃል ናቸው። እያንዳንዱ የሚመሰክረው ስለ ልዩ ነገር ስለ ሆነ፥ የአንዱን ቃል ለሌላው መስጠት ወደ ስሕተት ያደርሳል።

ሻንሲው የሚመሰክረው ስለ ልደት ነው። በብረቱ ላይ የተመታው ቁጥርና በፊትና በኋላ እግር መካከል ያለው ርቀት የሠሪውን ፋብሪካና ዓይነቱን ለማወቅ መነሻ ይሆናሉ። ፊያት 634 ኤን ከ እ.ኤ.አ. 1931 ጀምሮ የተሠራ ሲሆን፥ «ኤን» የምትለው ፊደል «ናፍታ» የሚለውን የኢጣልያንኛ ቃል ታመለክታለች። ላንቻ ኩባንያ በግሪክ ፊደል ስም «ሮ» ብሎ የሰየመው ካሚዮንም ከ እ.ኤ.አ. 1932 ጀምሮ የተሠራ ነው። ተከታዩ «ሦስት ሮ» ግን መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ስለዚህ ሦስት ሮ የሚታይበት ፎቶግራፍ ባዶሊዮ አዲስ አበባ የገባበትን ቀን ያሳያል ተብሎ ቢቀርብ፥ መግለጫው ሐሰት መሆኑ ያለ ሌላ ማስረጃ ይታወቃል።

የተገጠሙት ክፍሎች የሚመሰክሩት ስለ ልደት ሳይሆን ስለ ኑሮ ነው። የላንቻ ሮ ሞተር ከጀርመኑ ዩንከርስ በፈቃድ የተወሰደ ሁለት ሲሊንደር ያለው ሲሆን፥ በእያንዳንዱ ሲሊንደር ውስጥ ሁለት ፒስተኖች ፊት ለፊት ይሠራሉ። የሦስት ሮ ሞተር ግን ባለ አምስት ሲሊንደር ነው። እነዚህ ሁለቱ ፈጽሞ አይምታቱም። ነገር ግን መለዋወጫ በጠፋ ጊዜ ሞተር ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚዛወር፥ የሞተሩና የሻንሲው ዘመን አለመስማማት የማጭበርበር ምልክት ሳይሆን ካሚዮኑ ለብዙ ዘመን መሥራቱን የሚያስረዳ ሊሆን ይችላል። እንዲሁም መሪው በቀኝ በኩል ያለውን ሁሉ የእንግሊዝ ነው ማለት አይገባም፤ የዚያ ዘመን የኢጣልያ ከባድ ካሚዮኖች መሪያቸው በቀኝ ነበርና።

የፎርድ ስምም ብቻውን አያስረዳም። ጄኔራል ግራትሲያኒ በደቡብ ግንባር ካሰለፋቸው ካሚዮኖች መካከል ከአሜሪካ የተገዙ ፎርዶች ነበሩ፤ በ1933 ዓ.ም. ከኬንያ ተነሥቶ ኢጣልያኖችን ያስወጣው ሠራዊትም በፎርድ ይጓዝ ነበር። ስለዚህ ወራሪውም ወራሪውን ያስለቀቀውም በአንድ ፋብሪካ ሥራ መጥተዋል። ሁለቱን ለመለየት በየጊዜው የተለዋወጠውን የፊት ቅርጽ ከሻንሲው ቁጥር ጋራ ማስተያየት ያስፈልጋል።

ቀለምና ሰሌዳ የሚመሰክሩት ስለ ጌታ ነው፤ ይልቁንም ስለ መጨረሻው ጌታ። የኢጣልያ ንጉሣዊ ጦር የራሱ ሰሌዳ ነበረው። እንግሊዞች በካሚዮኑ ኮፈን ላይ በ«ኤል» ፊደል የሚጀምር ቁጥር ይጽፉ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር ቁጥር ደግሞ የመጀመሪያ አኃዞቹ የተሽከርካሪውን ክፍል ይገልጻሉ፤ 20 ጂፕን፥ 4 ደግሞ ሁለት ቶን ተኩል የሚጭነውን ካሚዮን ያመለክታል። ሆኖም ሰሌዳ ይፈታል፥ ቀለምም በቀለም ይሸፈናል፤ ስለዚህ የላይኛውን ቀለም በጥንቃቄ እየፋቁ የታችኛውን ማንበብ ተገቢ ነው።

አራተኛው ምስክር፥ የጠጋኞቹ ቃል፥ ለማኅበራችን ከሁሉ ይልቅ የቀረበ ነው። ፍሪሲዮን፥ ካምቢዮ፥ ባሌስትራ፥ ካንዴላ የሚሉት ስሞች የኢጣልያንኛ ናቸው፤ ጠጋኙ ግን የአሜሪካንም ካሚዮን ሲፈታ በእነዚሁ ይጠራቸዋል። እንግዲህ ቃሉ የሚያስረዳው ካሚዮኑ ከየት እንደ መጣ ሳይሆን ሙያው ከየት እንደ መጣ ነው። «ናፍጣ» የሚለውን ቃል ከኢጣልያንኛው «ናፍታ» ጋራ ያስተያየ ሰው ደግሞ ከዚህ ርቆ ይሄዳል፤ ጠመንጃን የምንጠራበት «ነፍጥ» ከዓረብኛው «ነፍጥ» የመጣ ሲሆን፥ የዚያው ቃል ዘመድ ከብዙ ዘመን በኋላ የሞተር ነዳጅ ስም ሆኖ ተመልሶአልና።

ይህን ሁሉ ለማለት ያስፈለገበት ምክንያት ምስክሮቹ በአንድ ዘመን የሚጠፉ ስለ ሆነ ነው። ብረቱ ተቈርጦ ለማቅለጫ ይሸጣል፤ የሚተርፈውም እንዲያምር አዲስ ቀለም ይቀባል፤ ስሞቹን ከኢጣልያን ሠራተኞች በቀጥታ የሰሙት ጠጋኞችም በዕድሜ አልፈዋል፥ ቃላቸው ያለው በተማሪዎቻቸው ዘንድ ነው። ስለዚህ አሮጌ ካሚዮን ያገኘ ተማሪ ሳይታጠብና ሳይቀባ የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ለየብቻ ይጻፍ፤ በየጊዜው የተቀባውን ቀለም በቅደም ተከተል ይመዝግብ፤ የጠገነው ሰው እያንዳንዱን ክፍል ምን ብሎ እንደሚጠራውና ከማን እንደ ተማረ ይጠይቅ። የወራሪውን ስንቅ የጫነ ሻንሲ ከድል በኋላ የገበሬውን እህል ጭኖ እንደ ሆነ የሚታወቀው አራቱ መዛግብት ሳይደባለቁ ጎን ለጎን ሲነበቡ ነው።