የጎጃም አፈርና የረሺድ ሰርዲን

መስከረም ሲጠባ የረሺድና የዱምያጥ ዓሣ አስጋሪዎች መረባቸውን ጠጋግነው፣ ጀልባቸውን አሰናድተው ይጠብቁ ነበር። ሁለቱ የግብፅ ከተሞች ናይል ለሁለት ተከፍሎ ሜዲትራኒያን ባሕር በሚገባባቸው አፎች ላይ የተቆረቆሩ ናቸው። ሌላ ጊዜ ጥርት ብሎ የሚታየው ባሕር በዚህ ወቅት ይደፈርሳል፤ ወንዙ ያመጣው ቡናማ ውኃ ከዳርቻው ርቆ ይዘረጋል። ከድፍርሱ ኋላ የሰርዲን መንጋ ይከተላል። የተያዘው ሰርዲን የሚጠበሰው ይጠበሳል፣ የቀረው በጨው ተነባብሮ ለከርሞ ይቀመጣል። በጨው የሰነበተ ዓሣ ግብፃውያን ከፋሲካ ማግስት በሚያከብሩት በሻም ኤል ነሲም በዓል ከገበታ አይጠፋም።

አስጋሪው ጎርፉን የሚናፍቀው ያለ ምክንያት አልነበረም። ቱሪስት የሚደነቅበት የጠራ ባሕር ለዓሣ ባዶ ገበታ ነው። የምሥራቅ ሜዲትራኒያን ውኃ በዓለም ላይ በንጥረ ነገር እጅግ ከደኸዩት ባሕሮች አንዱ ነው። ፀሐይ ሞልቶለታል፤ የጎደሉት በተለይ ፎስፈረስና ናይትሮጂን ናቸው። እነሱ ከሌሉ በዓይን የማይታዩት ጥቃቅን የባሕር እፅዋት አይበቅሉም፣ እነዚህ ካልበቀሉ ደግሞ ከእነሱ በላይ ያለው ሁሉ ይራባል።

የጎደለውን የሚሞላው የኢትዮጵያ ክረምት ነበር። ከናይል ውኃ 85 በመቶ ገደማ የሚሆነው ከኢትዮጵያ ተራሮች በዓባይ፣ በተከዜና በባሮ በኩል ይወርዳል። የደለሉ ድርሻ ከዚህም ይበልጣል፤ አስዋንን ያልፍ ከነበረው አፈር ከ95 በመቶ በላይ የዓባይና የተከዜ ነው፤ መጠኑም በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን ይበልጥ ነበር። የደጋው አፈር እሳተ ገሞራ ካፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ የተፈጨ በመሆኑ ማዕድን አያጣውም። የጤፍ ማሳ ደግሞ ተደጋግሞ ታርሶ፣ አፈሩ ልሞ፣ ሐምሌ ዶፉን ሲያወርድ ገና አረንጓዴ ሳይለብስ ይጠብቃል። የጎጃም፣ የጎንደርና የወሎ ገበሬ ሳያውቀው ለሩቅ ባሕር ቀለብ ይሰፍር ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በመንገዱ ላይ ተቀባዩ ብዙ ነው። ግብፅ ውስጥ ጎርፉ እርሻውን አልብሶ ሲመለስ በዓመት በአማካይ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ አፈር ትቶ ይሄድ ነበር። በካይሮዋ የሮዳ ደሴት ላይ እ.ኤ.አ. በ861 የተሠራው የውኃ መለኪያ ዓምድ ዛሬም ቆሟል፤ ውኃው ምን ያህል ክንድ እንደሞላ ታይቶ የዓመቱ ግብር ይተመንበት ነበር። ኮፕቶች ደግሞ በባኡና 12 የሚውለውን የቅዱስ ሚካኤልን በዓል ከወንዙ መሙላት ጋር ያያይዙታል። ዕለቱ ኢትዮጵያ ውስጥ የሰኔ ሚካኤል የሚከበርበት ያው ሰኔ 12 ነው፤ እዚህ የክረምቱ ደጃፍ፣ እዚያ የጎርፉ ተስፋ።

ከግብፅ እርሻ የተረፈው ወደ ባሕር ይገባል። የወንዙ አፍ ላይ የሚሆነው ነገር ቀረብ ብሎ ሲታይ ያስገርማል። የደለሉ ደቃቅ ቅንጣቶች ላያቸው ላይ ፎስፈረስ ተሸክመዋል። ጣፋጩ ውኃ ከጨዋማው ሲገናኝ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ይሰምጣሉ፤ ከጫኑት ፎስፈረስም ከፊሉ ለቅቆ ውኃው ውስጥ ይቀራል። ጎርፉ የሟሟ ሲሊካም አብሮ ያመጣል። ዳያቶም የሚባሉት ደቃቅ እፅዋት ከዚህ ሲሊካ እንደ መስተዋት ያለ ቅርፊት ይሠራሉ፤ ሁኔታው ሲመቻቸው በአንድ ቀን ውስጥ ቁጥራቸው እጥፍ ሊሆን ይችላል። እነሱን ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ይበላሉ፤ ሰርዲን ሁለቱንም አጣርቶ ይውጣል።

እዚህ ላይ አንድ ስሌት አለ። ፍጥረት ፍጥረትን ሲበላ ከተበላው ጉልበት ወደ በላተኛው ሥጋ የሚያልፈው በግርድፉ አንድ አሥረኛው ነው፤ የቀረው በእንቅስቃሴና በሙቀት ይባክናል። ስለዚህ ከሥር የሚበላ ዓሣ ይበዛል፤ ከላይ ሆኖ ዓሣ የሚያድን ዓሣ ያንሳል። ሰርዲን የድሀ ምግብ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በፀሐይ ብርሃን ከሚያድጉት እፅዋት የሚርቀው አንድ ወይም ሁለት እርከን ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በጥር 1960 የአስዋን ታላቁ ግድብ ሥራ ተጀመረ። በግንቦት 1964 የወንዙ አቅጣጫ ተቀየረ፤ የዚያ ዓመት ክረምት ያመጣው ጎርፍም ባሕሩን ያየ የመጨረሻው ትልቅ ጎርፍ ሆነ። ግንባታው በ1970 አልቆ በጥር 1971 ተመረቀ። ዘመኑ የገማል አብደል ናስር ነው፤ ግድቡም የነፃነት ምልክት ነበር። መሐንዲሶቹ መስኖውን አሰሉ፣ መብራቱን አሰሉ፣ ከግድቡ ኋላ በሚፈጠረው የናስር ሐይቅ የሚጠራቀመው ደለልም ሐይቁን ለመሙላት ምን ያህል ዓመት እንደሚፈጅ አሰሉ። የባሕሩ ዓሣ በሂሳቡ ውስጥ ያን ያህል ቦታ አልነበረውም።

ውጤቱ ዓመታት አልፈጀም። ከግድቡ በፊት በደኅናው ዓመት እስከ 18 ሺህ ቶን ይደርስ የነበረው የሰርዲን ምርት በ1960ዎቹ መጨረሻ ከ1 ሺህ ቶን በታች ወረደ። ሽሪምፕም አብሮ አሽቆለቆለ። ለውድቀቱ የ1967ቱን የዓረቦችና የእስራኤል ጦርነት ምክንያት ማድረግ ይቻላል፤ በሲናና በፖርት ሳይድ በኩል ያለው ባሕር ለአስጋሪ ዝግ ሆኖ ነበርና። ነገር ግን ዓሣው መጥፋት የጀመረው ከጦርነቱ በፊት ነው። በናስር ሐይቅ አዲስ የዓሣ ሀብት መፈጠሩ እውነት ነው፤ በ1981 ከሐይቁ ከ30 ሺህ ቶን በላይ ተይዟል። ይሁንና የሐይቁ ዓሣ ከባሕር ዳርቻው በብዙ መቶ ኪሎ ሜትሮች ይርቃል፤ ለረሺድ አስጋሪ ምን ይጠቅመዋል?

የዳርቻው አሸዋም ተጎዳ። ቀድሞ ወንዙ የሚያመጣው አሸዋ የባሕሩ ጅረት ወደ ምሥራቅ እየገፋው እስከ እስራኤል ዳርቻ ይደርስ ነበር። በአሽቀሎን ወይም በአሽዶድ ባሕር ዳር የሚንሸራሸር ቤተ እስራኤላዊ የሚረግጠው አሸዋ በናይል የመጣ ነው፤ በውስጡም ከኢትዮጵያ እሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈለፈሉ ጥቁር ቅንጣቶች አሉበት። ደለሉ ከቀረ ወዲህ ባሕሩ የረሺድን አፍ እየሸረሸረ ብዙ መሬት ወስዷል።

ከዚያ ማንም ያልጠበቀው ሆነ። በ1980ዎቹ ዓሣው መመለስ ጀመረ። ጎርፉ አልተመለሰም፤ ታዲያ ማን መገበው? አሜሪካዊው የባሕር ተመራማሪ ስኮት ኒክሰን በ2003 ባሳተመው ጥናት የሰጠው መልስ ብዙዎችን አሳመነ፤ ምግቡ የመጣው ከማዳበሪያና ከመጸዳጃ ቤት ነው። ደለል የቀረበት የግብፅ ገበሬ በብዙ እጥፍ ማዳበሪያ መበተን ጀመረ፤ ከማሳው የተረፈው በቦይ ይወርዳል። የካይሮና የእስክንድርያ ሕዝብ በዛ፣ በተለይ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የፍሳሽ ቧንቧ ተዘረጋ፤ የሚሊዮኖች ቆሻሻ ከነናይትሮጂኑና ከነፎስፈረሱ በባሕሩ ዳርቻ ወዳሉት ሐይቆችና ወደ ባሕሩ ይሄዳል። የዳርቻው ምርት በኋላ የጥንቱን በልጧል፤ ለዚህ የጀልባና የሞተር መብዛትም የራሱ ድርሻ አለው።

በቶን ለሚቆጥር ሰው ነገሩ እዚህ ያልቃል። ሆኖም ባሕሩ የድሮው ባሕር አይደለም። ጎርፉ በዓመት አንድ ጊዜ መጥቶ የሚሄድ እንግዳ ነበር፤ ፍሳሹ ዓመቱን ሙሉ አይቋረጥም። ጎርፉ ሲሊካ ነበረው፤ ቆሻሻና ማዳበሪያ የሚያመጡት በዋናነት ናይትሮጂንና ፎስፈረስ ነው። ዋጋውን ከሁሉ በላይ የከፈለው ከዱምያጥ አጠገብ ያለው የመንዛላ ሐይቅ ነው። ባሕር ኤል በቀር የሚባለው ቦይ ለአሥርታት የካይሮን ፍሳሽ ሲያፈስበት ኖሮ፣ የሐይቁ ዓሣ በገበያ ላይ በጥርጣሬ የሚታይ ሆኗል። ይህን ማገገም ብሎ መጥራት ከብዙ ልግስና የሚመጣ ነው።

የደጋው አፈር ግን መውረዱን አላቆመም። በ1925 የተሠራው የሰናርና በ1966 የተሠራው የሮዘሪስ ግድብ በደለል ሲታገሉ ኖረዋል፤ በ2025 የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ደግሞ የዓባይን ደለል ከሱዳን ድንበር በፊት ጉባ ላይ ያስቀረዋል። ለጎጃም ገበሬ አፈሩ አስዋን ቀረም ጉባ ልዩነት የለውም፤ ከማሳው ወጥቷል። ግብፅ በደለሉ ፋንታ ማዳበሪያ ታመርታለች፤ ኢትዮጵያ ደግሞ ከማሳዋ የታጠበውን ፎስፈረስ ለመተካት ከሞሮኮ ድረስ ማዳበሪያ በውጭ ምንዛሪ ትገዛለች።