ገላጋይ ህዋሶችና ጥገኛ ተህዋስያን

የበሽታ መከላከል ሳይንስ ለረጅም ዘመን ሲያጠና የኖረው ሰውነት ወራሪን እንዴት እንደሚያጠቃ ነው። ጥቃቱን ማን እንደሚያስቆመው የጠየቁት ጥቂቶች ነበሩ። አሜሪካዊው ሪቻርድ ገርሾን ከእነዚህ አንዱ ነው፤ በ1970 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ቲ ህዋሶች ከተባሉት የመከላከያ ህዋሶች አንዳንዶቹ የሌሎችን ጥቃት እንደሚገቱ ከባልደረባው ጋር ጻፈ። ህዋሶቹን ለይቶ የሚያሳይ አስተማማኝ ምልክት ስላልተገኘ ግን ሐሳቡ በ1980ዎቹ ተናቀ።

ጃፓናዊው ሺሞን ሳካጉቺ አልተወውም። ሲዲ25 የተባለ ምልክት ያላቸው ቲ ህዋሶች የጎደሉባቸው አይጦች የገዛ አካላቸውን እንደሚያጠቁ በ1995 አሳየ። በ2001 ሜሪ ብራንኮና ፍሬድ ራምስዴል ፎክስፒ3 የተባለውን ዘረመል ለዩ፤ በ2003 ደግሞ ዘረመሉ የእነዚሁ ተቆጣጣሪ ህዋሶች አዛዥ መሆኑ ታወቀ። ሦስቱ ተመራማሪዎች በ2025 የኖቤል ሽልማትን ተጋሩ።

ተቆጣጣሪ ህዋስ በጠብ መሀል እንደሚገባ ገላጋይ ነው፤ ጉዳቱን ይቀንሳል፣ ጥፋተኛውም በዚያው ይተርፋል። ይህን በግልጽ ያሳየው በ2002 ያስሚን በልካይድ፣ ዴቪድ ሳክስና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ጥናት ነው። ከቁንጭር አምጪዎች አንዱ የሆነውን ሌይሽማኒያ ሜጀርን በአይጥ ጆሮ ቆዳ ውስጥ አስገቡ። ቁስሉ ዳነ፤ ጥቂት ጥገኞች ግን ተቆጣጣሪ ህዋሶች በተሰበሰቡበት በዚያው ቆዳ ውስጥ ቀሩ። ህዋሶቹ የሚያመነጩት ኢንተርሉኪን 10 የተባለ ጥቃት አብራጅ ንጥረ ነገር በሌላቸው አይጦች ላይ ጥገኛው ፈጽሞ ጠፋ። ነገር ግን አይጦቹ ለዳግም ልክፍት የነበራቸውን መከላከያም አጡ። የቀረችው ጥቂት ጥገኛ ሰውነቱን ነቅቶ እንዲጠብቅ ታደርገው ነበር።

ወደ ሰው ስንመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። በ2005 የወጣ ጥናት፣ ፈቅደው በወባ በተለከፉ ሰዎች ላይ የእነዚህ ህዋሶች መብዛት ከጥገኛው ፈጣን መራባት ጋር አብሮ እንደሚሄድ አሳየ። ትልም ገላጋዮቹን ይቀሰቅሳል፤ አርጀንቲና ውስጥ ሆርሄ ኮሬያሌና ማውሪሲዮ ፋሬስ በ2007 እንደዘገቡት፣ ሰውነት የገዛ ነርቩን የሚያጠቃበት መልቲፕል ስክሌሮሲስ ከያዛቸው መካከል የአንጀት ትል ያለባቸው 12 ሕመምተኞች ትል ከሌለባቸው 12 ሰዎች እጅግ ባነሰ መጠን በሽታው አገረሸባቸው። በዚያው ዓመት በሕንድ የካላዛር ሕመምተኞች ጣፊያ ላይ የተደረገው ምርመራ ግን ሌላ ነገር ተናገረ፤ እዚያ ዋናው የኢንተርሉኪን 10 ምንጭ ፎክስፒ3 የሌላቸው ሌሎች ቲ ህዋሶች ነበሩ።

የሕንዱን ካላዛር የሚያመጣው ሌይሽማኒያ ዶኖቫኒ በመተማና በሁመራ እርሻዎች የቀን ሠራተኛውን የሚቀጥፈው ያው ጥገኛ ነው። ስለዚህ ትምህርቱ በቀጥታ ይመለከተናል፦ ልጓሙን የያዘው የትኛው ህዋስ እንደሆነ ሳይለይ ልጓም የሚፈታ መድኃኒት መሞከር አደጋ ነው።

አንባቢ ከዚህ ተነሥቶ ትል ይጠቅማል እንዳይል። መንጠቆ ትል ደም መጥጦ ልጅን ያደክማል፣ ከትምህርቱም ያስቀራል። ትሉ ገላጋዮችን የሚቀሰቅስበትን ዘዴ ሳይንቲስቶች ያጥኑት፤ ልጆቻችን ግን የትል መድኃኒታቸውን በወቅቱ ይውሰዱ።