ቀይ ክር የታሰረባት ብር

እንግዲህ ጠጋ በሉ፣ እሳቱም ገና ነው፤ ዛሬ የማወራችሁ ከሃረና ጫካ ስለወጣ አንድ የብር ድሪ ነው።

ሪራ ላይ አንዲት የረጅም ዘመን ወዳጃችን አርፈው ለለቅሶ ከጎባ ተነሣሁ። መንገዱን የሄዳችሁበት ታውቁታላችሁ፤ ሽቅብ ወደ ሳነቴ ሲወጣ ዛፉ እያጠረ፣ እያጠረ ይሄድና 4,000 ሜትር ገደማ ላይ ጅብራው ብቻውን እንደ ዘብ ቆሞ ይቀራል፤ ነፋሱ ጋቢን ዘልቆ አጥንት ይነካል፤ ከዚያም ቱሉ ዲምቱን በጎን ትቶ ሲያልፉ ሜዳው በድንገት ያልቅና መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ጭጋጉ ይወርዳል፤ ከጭጋጉ ውስጥ አስታው ጢሙን አንጠልጥሎ ብቅ ይላል፣ ከዚያም ቀርከሃው፣ ከዚያም የሪራ ቤቶች ጭስ።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ልጆቻቸው፣ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት፣ እኔን ወደ ጓዳ ጠሩኝና አንድ የቆዳ ኮሮጆ ፈቱ። ውስጡ 12 ብር ነበር፣ እያንዳንዱ ጆሮ ተበይዶለት በገመድ የተሰካ። አያታቸው በአንገታቸው አድርገውት የኖሩት፣ ከእሳቸውም ወደ እናታቸው የዞረ። ማርና ቡና ከጫካው በበቅሎ እየጫኑ ጎባ ገበያ ወጥተው፣ አንዱን ብር ዛሬ፣ አንዱን ከዓመት በኋላ ያጠራቀሙት ነው።

ታላቅየው «ጋሼ፣ ዋጋውን የሚያውቅ ሰው ዘንድ ይውሰዱን፤ ሳናውቀው ተካፍለን በኋላ ቅር እንዳንሰኛኝ» አለኝ። ይህን በማለቱ አከበርኩት። በማግስቱም አራታችን ተጭነን ሳነቴን መልሰን ተሻገርን፣ ጎባ አደርን፣ ከዚያም ሮቤ ገባን፤ እዚያ አንድ አንጥረኛ ሽማግሌ አውቃለሁ፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጣታቸው ግን ያያል።

ታናሽየው የጠቆረው ብር አሳፍሮት ኖሮ መንገድ ላይ አንዱን በአመድ ማሸት ጀምሮ ነበር። ሽማግሌው ይህን ሲያዩ እጁን ቀስ ብለው ያዙት። «ተው ልጄ። ጥቁረቱ ቆሻሻ አይደለም፣ ዕድሜው ነው። የድሮ ገንዘብ ሰብሳቢ ይህን ሲያይ ነው የሚወደው፤ ያሸኸው ብር ቆዳው ተገፈፈ ማለት ነው።»

ከዚያም አንድ በአንድ አነሡ። 11ዱ ማርትሬዛ ናቸው፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት መልክ ያለባቸው። ታናሽየው በፈረንጅ ቁጥር የተጻፈውን 1780 አንብቦ «ከ200 ዓመት በላይ!» ብሎ ብድግ አለ። ሽማግሌው አስቀመጡት። ንግሥቲቱ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው፤ ነጋዴው ግን ያንን መልክ ስላመነ ቁጥሩን ሳይለውጡ በዚያው ቀረጹት፣ ቪየና ቀረጸችው፣ በ1935 እ.ኤ.አ. ሙሶሊኒ ማኅተሙን ወስዶ ሮም ላይ አስቀረጸው፣ ከዚያም ለንደን፣ ፓሪስ፣ ቦምቤይ ሳይቀሩ ቀረጹት። ስለዚህ 1780 የተጻፈበት ሁሉ የ1780 አይደለም። ወላጆቻችን ጠገራ ብር እያሉ ሲቀበሉ የንግሥቲቱን ዘውድ ፈርጥ በጣት ይቆጥሩ የነበረውም በከንቱ አልነበረም።

ከዚያ ሚዛኑ መጣ። ትክክለኛው ማርትሬዛ 28 ግራም ከጥቂት ይመዝናል፤ ከሺህ እጅ 833ቱ ብር ነው፣ ስለዚህ በአንዱ ውስጥ ያለው ንጹሕ ብር 23 ግራም ከግማሽ ሊሞላ ጥቂት ይጎድለዋል። የተበየደው ጆሮ ሲመዘን ይጨምራል፣ ሲሸጥ ግን ይቀንሳል፤ ሰብሳቢው ያልተነካ ይፈልጋልና። «እነዚህ በብርነታቸው ነው የሚሸጡት፣» አሉ፣ «የቀኑን የብር ዋጋ በግራም እያባዛችሁ አስቡት። ከዚያ በታች የሚሰጣችሁን ደላላ አትስሙት።»

አሥራ ሁለተኛው የሴት መልክ የለበትም፤ በአንድ ወገን ንጉሥ፣ በሌላው ሰንደቅ የያዘ አንበሳ። ልጆቹ ይኼ ሐሰተኛ ነው ብለው ለብቻው አድርገውት ነበር። ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው በግእዝ አኃዝ የተጻፈውን ፲፰፻፹፯ አነበቡ። ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ያስቀረጹት የገዛ አገራችን ብር ነው፤ ከአላዱ፣ ከሩቡና ከተሙኑ ጋር የወጣ፣ ክብደቱም ከማርትሬዛ እንዲስተካከል የተደረገ። ያን ጊዜ ባላገሩ ማርትሬዛውን ለምዶ ይህን ሲጠራጠር ኖረ፤ ዛሬ ሰብሳቢ የሚጠይቀው ግን እሱን ነው። «ጆሮ ባይበየድበት ኖሮ የበለጠ ያወጣ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ከሁሉ ይህ ይበልጣል። ከአገር ላውጣው የሚል ቢመጣ ግን፣ ቅርስ ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ በአዋጅ 209/1992 መከልከሉን ንገሩት።»

ከ11ዱ ማርትሬዛ አንዲቷ ሳትታይ ቀርታ ነበር። ጆሮዋ ላይ ቀይ ክር ተጠምጥሞባታል። ሽማግሌው ድንጋዩ ላይ ጣል አደረጓት፤ ሌሎቹ ሲያቃጭሉ የእሷ ድምፅ ታፈነ። ከዚያም ክሩን ፈተው ጠርዟን በጥፍራቸው ዳበሱ። በእውነተኛው ጠርዝ ላይ «ፍትሕና ርኅራኄ» የሚል የላቲን ጽሑፍ ጎልቶ ይዞራል፤ ቀልጦ በቅርጽ የሚፈስሰው ሐሰተኛ እዚያ ላይ ይጋለጣል። የእሷ ጠርዝ ልሙጥ ነበር። «ቆርቆሮ ያለባት ናት፣» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አታለዋቸዋል።»

ያን ጊዜ እስካሁን ያልተናገረችው እህት ቀና አለች። «አያቴ ያውቁ ነበር፣» አለች። «አንድ በቅሎ ሙሉ ቡና ሰጥተው የተቀበሏት ናት። ጎባ ላይ ሊያወጧት ሲሉ ድምፅዋን ሰሙና መለሷት። እናቴ እንዲህ ነበር የምትነግረኝ፤ ክሩን ያሰሩት ከሌሎቹ ተቀላቅላ በስሕተት ለሌላ ሰው እንዳትሰጥ ነው።»

ሁላችንም ዝም አልን። ሽማግሌው የፈቱትን ክር ከጠረጴዛው ላይ ፈለጉ፣ ጫፉን በምራቃቸው አርሰው አሾሉ፣ ከዚያም በነበረበት መልሰው ጠመጠሙት፣ ሦስት ዙር፣ አራት ዙር።

ክፍፍሉ በሸሪዓው ሆነ። ከ10ሩ እውነተኛ ማርትሬዛ ለታላቅየው አራት፣ ለታናሽየው አራት፣ ለእህት ሁለት። እሷ ቀይ ክር ያለባትን ብቻ እንዲጨምሩላት ለመነች። ታላቅየው ወንድሙን አየው። ታናሽየውም የምኒልክን ብር አንሥቶ ከቀይ ክሯ ጎን፣ ከእህቱ ፊት አኖረና ኮቱን ደርቦ ወደ ደጅ ወጣ፤ ዝናቡ ጀምሮ ነበር።