ላከ፣ አዘዘ፣ ደረሰ

ግእዝ «ለአከ» ይላል። አማርኛ መካከል ያለችውን አልፍ ውጦ «ላከ» አለ። ድምፅዋ ጠፋ እንጂ ዱካዋ አልጠፋም፤ ለ ወደ ራብዕ ተሻግሮ ላ የሆነው አልፏ ስትወጣ አናባቢዋን ትታለት ነው። ሠዐለ «ሳለ»፣ መሐረ «ማረ»፣ ሰሐበ «ሳበ» የሆኑትም በዚሁ መንገድ ነው። በራብዕ የሚጀምር ባለ ሁለት ፊደል ግሥ ሲያጋጥመኝ መዝገበ ቃላት መግለጥ ልማዴ ነው። ብዙ ጊዜ ከሥሩ አንድ የጕሮሮ ፊደል ተቀብሮ ይገኛል።

ስሞቹ አልፋቸውን አልለቀቁም፦ መልእክት፣ መልአክ፣ ልኡክ፣ ተልእኮ። የመልአክ ሥር ክንፍም ብርሃንም የለበትም፤ መላክ ብቻ ነው። ቅዳሴ የገቡ ካህናትና ዲያቆናት ልኡካን ይባላሉ፤ ግእዙ «ላእክ» አገልጋይ ነውና መላክና ማገልገል እዚያ ተጋብተዋል። ያንኑ ጋብቻ መሥሪያ ቤት ውስጥ «ተላላኪ» ይዞታል፣ ደመወዙ ቢያንስም። ዕብራይስጥም መልአክ ይላል፤ ግን ስሙን ይዞ ግሡን ጣለ። ግሡን ከነስሙ ያቆየው ግእዝ ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ግድም በኡጋሪት በተጻፉ የሸክላ ደብዳቤዎችም ይኸው ግሥ ከነአልፉ ይገኛል። ስለዚህ በየማስታወቂያው የምናየው «መልዕክት» ባለ ዐይኑ ምስክር የለውም። «ልዑክ»ም እንዲሁ ነው፤ እሱን ያሳሳተው «ልዑል» ይመስለኛል። ልዑል ግን ከለዐለ የመጣ፣ ዐይኑ የገዛ ራሱ የሆነ ቃል ነው።

ሁለተኛው ቃል አዘዘ ነው። ትእዛዝ፣ አዛዥ፣ ታዛዥ፣ ማዘዣ። አዛዥ የቤተ መንግሥት ማዕርግ ነበር፤ ማዘዣ ዛሬ ከሐኪምም ከፍርድ ቤትም ይወጣል። ይህም ቃል በአልፍ ሲሆን ሰዉ «ትዕዛዝ» እያለ ዐይን ያጐርሰዋል። በዐይን የሚጻፈው የሴም ሥር ሌላ ነው፤ ዕብራይስጡ «ዖዝ» ኀይል፣ ዐረብኛው «ዐዚዝ» ብርቱ የወጡበት ነው። አለቃ ትእዛዙን በዐይን ሲጽፈው ሳያውቅ ብርታት ጨምሮበታል ማለት ነው።

ሁለቱ ግሦች ወደ ደቡብ ሲወርዱ ዕጣቸው ተለያየ። የኦሮሞ ወገኖቹ ጉጂና ቦረና መላክን ከሰሜን አልተበደሩም፤ «ኤርጉ» መላክ፣ «ኤርጋ» መልእክት፣ «ኤርገማ» መልእክተኛ የራሳቸው ነው። በአፋን ኦሮሞ መጽሐፍ ቅዱስ መልአክም «ኤርገማ» ነው፤ የኩሽና የሴም ቋንቋ ሳይመካከሩ እንዲህ ተገናኙ። አዘዘ ግን ወረደ። ነባሩ አፋን ኦሮሞ ዘ ስለሌለው በጀ ተክቶ «አጀጁ» አደረገው። አንድ ሕዝብ መላክን ከቤቱ አግኝቶ መታዘዝን ከውጭ መቀበሉ የቋንቋ ብቻ ወሬ አይደለም። ታሪኩን አንባቢ ያውቀዋል።

እንግዲህ ሁለቱን ቃላት አንድ ቦታ ላይ እናቁማቸው። የኮምፒውተር ባለሙያዎች ኮማንድ ላይን የሚሉት፣ ተርጓሚዎች «የትእዛዝ መስመር» ያሉት ጥቁር ሰሌዳ አለ። ሥዕል የለው፣ የሚጫኑት አዝራር የለው፤ ቃል ይጻፋል፣ ቃሉ ይፈጸማል። ኢሜይል ለማድረስም አንድ መስመር ይበቃል፦ የፕሮግራሙ ስም፣ ከሰረዝ ጋር አንድ ሁለት ፊደል፣ የተቀባዩ አድራሻ፤ ከዚያ ደብዳቤው ራሱ። የዚህ ሥራ አንጋፋ ፕሮግራም ሴንድሜል ይባላል። ሰረዝና ቲ ቢጨመርለት የተቀባዮቹን ስም ከደብዳቤው ራስጌ ያነብባል፤ ሰረዝና ቪ ቢጨመርለት ከሩቁ ማሽን ጋር የሚለዋወጠውን ቃል በሙሉ ያሳያል።

ስሙ ታሪክ አለው። ኤሪክ ኦልማን በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ በ1979 እ.ኤ.አ. የጻፈው የመጀመሪያው ፕሮግራም ዴሊቨርሜል ነበር፣ «ደብዳቤ አድርስ» እንደማለት። ተከታዩ በ1983 እ.ኤ.አ. ከበርክሊ ዩኒክስ ጋር ሲወጣ «ደብዳቤ ላክ» ሆነ። ከማድረስ ወደ መላክ መውረዱ ትሕትና ይመስለኛል። የላከ ሁሉ አላደረሰም፤ ፕሮግራሙ በእጁ ያለው መላክ ብቻ ነው።

አማርኛ ይህን ልዩነት ጠንቅቆ ያውቃል። አድራሻ ከአደረሰ የወጣ ነው፤ ሰው የሚኖርበት ሳይሆን ነገር የሚደርስበት ቦታ ነው። «እንኳን አደረሳችሁ» ስንልም አድራሹ ሌላ፣ እኛ ዕቃዎቹ ነን። ደራሲ መልኩ ቢመሳሰልም የሌላ ሥር ልጅ ነው፦ ግእዙ ደረሰ ጻፈ፣ ተረጐመ ሲሆን የዕብራይስጡ ሚድራሽ ዘመዱ ነው።

ነገሌ ቦረና ላይ ይህ የመድረስ ቃል ሰው ሆኖ ታይቷል። በጥር 1966 ዓ.ም. በዚያ የሰፈረው 4ኛ ብርጌድ ወታደሮች በምግቡና በውኃው ተማረው አመፁ። ንጉሠ ነገሥቱ የምድር ጦሩን አዛዥ ላኩባቸው፦ ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለ። አዛዥ ነው፣ ልኡክ ነው፣ ስሙ ደረሰ ነው፤ ሦስቱን ግሦች አንድ ሰው ተሸክሟቸዋል። ደረሰ ግን ወዲያው አልተመለሰም፤ ወታደሮቹ አግተው የሚበሉትን አበሉት፣ የሚጠጡትን አጠጡት። ወሬው በጦሩ ሬዲዮ ከክፍል ወደ ክፍል ተሻገረ፤ ያ ዓመት በምን እንዳለቀ መናገር አያሻም።

ወደ ፖስታ እንለፍ። ፖስታ ጣልያንኛ ነው፤ ላቲኑ «ፖሲታ» የተቀመጠች፣ የፈረስ መለወጫ ጣቢያ ማለት ነው። እኛ ጣቢያውንም መሥሪያ ቤቱንም ወረቀት መክተቻውንም በአንድ ስም ጠርተን «ኛ» ቀጥለን ፖስተኛ አወጣን። እንግሊዝኛው «ሜል» ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ የመጣ ከረጢት ነው። ስለዚህ ኢሜይል ላክሁ የሚል ሰው የኤሌክትሪክ ከረጢት ላከ። ቴምብርም ፈረንሳይኛ ነው፤ ጥንተ ነገሩ ግሪክ «ቲምፓኖን»፣ ከበሮ። ከበሮው ደወል ሆነ፣ ደወሉ በጋሻ ላይ የሚሳል ዓርማ፣ ዓርማው ማኅተም። ምኒልክ በ1894 እ.ኤ.አ. ፖስታን ሲያቆሙ ቴምብሮቹ የታተሙት ፓሪስ ነበርና ቃሉ ከሸቀጡ ጋር ገባ። ስልክ ደግሞ ዐረብኛ ነው፤ ክር፣ ሽቦ። ሽቦው ከተጣለ ቆየ፣ ስሙ ኪሳችን ውስጥ አለ።

ሐዋላንም አንርሳት፤ እንደ አዶላ ባለ ወርቅ አገር ገንዘብ መላክ ከደብዳቤ ይቀድማል። ሐዋላ ከዐረብኛው «ሐወለ»፣ አዛወረ፣ የመጣች ናት። ሐዋርያ ጎረቤቷ ይመስላል፤ እሱ ግን ከግእዙ ሖረ፣ ሄደ፣ የወጣ የእግር መንገደኛ ነው። ወርቅ ካነሣን፦ ሥሩ ወ-ረ-ቀ በሴም ቋንቋዎች ቢጫና አረንጓዴ መሆን ነው። ዕብራይስጡ «ያሮቅ» አረንጓዴ፣ ዐረብኛው «ወረቃ» ቅጠል። ከዚህችው ቅጠል የእኛ ወረቀት መጣ። አዶላ ላይ ከአፈር የሚታጠበውና ፖስታ ውስጥ የሚታጠፈው የአንድ ሥር ልጆች ናቸው፤ ሥርወ ቃል የምወድደው ለእንዲህ ያለው ሥጋ ዝምድና ነው።

ሴንድሜል አንዴ ልኮ የሚያርፍ አይደለም። ሰረዝ ቢዲ ብለው ካስነሡት ከበስተጀርባ ሆኖ ቀን ከሌሊት ይጠብቃል፤ ሰረዝ ኪው ብለው 30 ደቂቃ ካዘዙት በየ30 ደቂቃው ወረፋ የቀሩትን ደብዳቤዎች እንደገና ይሞክራል። የቢዲዋ ዲ «ዴሞን» ናት፤ ግሪክ ዳይሞን። ስሙን ያወጡለት በ1963 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የፕሮጀክት ማክ ሠራተኞች ሲሆኑ በሐሳባቸው የነበረው የፊዚክስ ሊቁ ማክስዌል ያሰበው፣ ሳይታይ ሞለኪውሎችን የሚለይ ትንሽ ፍጡር ነው። ደብዳቤው ተቀባይ ሲያጣ «ሜይለር ዴሞን» በሚል ፊርማ ተመልሶ ይመጣል።

ግሪኩን ቃል የግእዝ ወንጌል «ጋኔን» ብሎ ተረጐመው። የዐረብኛው ጂን ወገን ነው፤ ጀ-ነ-ነ ሸፈነ፣ ሰወረ። ከዚያው ሥር ዐረብኛ «ጀና» ይላል፣ ገነት፤ ታጥሮ የተሸፈነ ስፍራ ነውና። የሚሰወረውና የሚታጠረው በአንድ ሥር ተገኙ። ከበስተጀርባ ለሚሠራ ፕሮግራም ከጋኔን የተሻለ ስም አላውቅም። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ስሙን ሰምቶ ይሥቃል፤ አማርኛ ተናጋሪ ደግሞ መልእክት ሲል መልአክን፣ ዴሞን ሲል ጋኔንን ይሰማል። ደብዳቤውን አንዱ ወስዶት ሌላው ይመልሰዋል።

ሁለት ማሽኖች ደብዳቤ ሲቀባበሉ የሚነጋገሩበት ወግ በነሐሴ 1982 እ.ኤ.አ. ጆን ፖስቴል ያወጣው ነው። አስቀድሞ ሰላምታ አለ፣ «ሄሎ»፤ ትእዛዝ ሁሉ አራት ፊደል እንዲሆን ስለተፈለገ ከሁለቱ ኤል አንዱ ተቈርጧል። ቦረናም «ነገያ»ን ሳያስቀድም ጉዳይ አይገባም። ቀጥሎ ላኪው፣ ተቀባዩ፣ ደብዳቤው። የደብዳቤው ማብቂያ በመስመር ላይ ብቻዋን የቆመች አንዲት ነጥብ ናት። እኛ ለአንድ ዐረፍተ ነገር አራት ነጥብ እንከፍላለን፤ እነሱ ለሙሉ ደብዳቤ አንድ።

ያ ወግ የተበጀው ለላቲን ፊደል ነው፤ ለአንድ ፊደል ሰባት ቢት። ፊደላችን አይገባበትም ነበር። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የነበረው ፓዲስ ደብዳቤዎችን አጠራቅሞ በስልክ ጥሪ ወደ ውጭ ሲያመላልስ፣ በጥር 1997 እ.ኤ.አ. ቴሌ ኢንተርኔት ሲከፍትም አማርኛ በላቲን ልብስ ይጓዝ ነበር። ከልብሶቹ በሥርዐት የተሰፋው ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ያበጁት ሴራ ነው። ሴራ ማለት የእንግሊዝኛ ስሙ የመጀመሪያ ፊደላት ናቸው፤ የአማርኛውን ሴራ ያስታወሰ ግን ጥፋተኛ አይደለም። ሴራ ሞክሼ ፊደላትን አልደባለቀም። ሰ ላቲን ኤስ፣ ሠ ደግሞ ያው ኤስ ሆኖ ከፊቱ ወደ ግራ ያዘነበለች ጭረት ይደረግለታል። ዐይንም በዚያችው ጭረት ከአልፍ ይለያል።

ጣጣው ጭረቷ በትእዛዝ መስመር ላይ ሥራ ያላት መሆኑ ነው። ዩኒክስ ጭረት ሲያይ «ትእዛዝ ተጀመረ፣ በሁለተኛዋ ጭረት እስኪዘጋ ልጠብቅ» ይላል። የክብረ መንግሥት ከተማን ስም በትክክለኛው ሠ በሴራ ጽፎ፣ በነጠላ ትእምርተ ጥቅስ ሳያጥር የላከ ሰው ማሽኑ ባዶ መስመር ከፍቶ ሲጠብቀው ያገኘዋል። በስ የጻፈ ያልፋል። ፊደል ጠንቃቃውን የሚያስቆም፣ ቸልተኛውን የሚያሳልፍ ኬላ ነበር።

የከተማዋ ስም ግን በሥ ነው። ክብረ የግእዝ ዘርፍ ያዥ ነው፤ መንግሥት ከነግሠ። የነግሠ ሠ ጥንት ከሰ የተለየ ድምፅ ነበረው። ዕብራይስጥም ነ-ገ-ሠን በዚያችው ሦስተኛ ፊደል ጽፎ ነዳ፣ አስጨነቀ ለማለት ይጠቀምበታል፤ በኦሪት ዘጸአት የእስራኤልን ልጆች የሚያሠሩት ግብፃውያን አስገባሪዎች በዚህ ቃል ተጠርተዋል። ከዚያ ግንድ እኛ ዙፋን አወጣን። ከጆሯችን ሠ ከጠፋ ዘመናት አልፈዋል፤ የከተማዋም ስም በየሰሌዳው በሁለቱም ፊደል ይጻፋል፤ የሚከስሰን የለም።

ማሽኑ ግን ጆሮ የለውም። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በተባለው የፊደላት መዝገብ ውስጥ ሲገባ ሥ 4645 ቁጥር፣ ስ 4661 ተሰጣቸው፤ እ 4773 ሲሆን ዕ 4821 ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ደንብ ደግሞ የኢሜይል አድራሻ ራሱ በማንኛውም ፊደል እንዲጻፍ ፈቀደ። ክብረ መንግሥትና ክብረ መንግስት ብለን ሁለት ሣጥን ብንከፍት ማሽኑ አንዱን ከሌላው አያዛምድም፤ በአንዱ የተላከው በሌላው አይገኝም፣ ሣጥኑ ከሌለም 550 የሚል ቁጥር ይመለሳል። በመስመሩ ላይ ሥና ስ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዳቸው 24 ቢት ሆነው ይጓዛሉ፤ ከ24ቱ የሚለያዩት በአንዲቷ ብቻ ነው። የድሮ የቅኔ መምህር በሠና በሰ ተማሪ ሲቀጣ የሰማ ሰው ይህን አሠራር ያውቀዋል። ለኔ የትእዛዝ መስመር የመጨረሻው ሊቀ ጠበብት ነው፦ ፊደሉን አይሰማም፣ ያየዋል።

ለፍለጋ የሚሆን ዘዴ ግን አለ፤ ስሙም የራሱ ሥርወ ቃል አለው። «ግሬፕ» ቃል አልነበረም፤ በጥንቱ የዩኒክስ ጽሑፍ ማረሚያ ላይ «በሁሉም መስመር ይህን አምሳል ፈልገህ አትም» የሚለው ትእዛዝ የመጀመሪያ ፊደላት ናቸው። አምሳሉ ውስጥ አማራጭ ፊደላት በማዕዘን ቅንፍ ይገባሉ። ደብዳቤ የተቀመጠበት ፋይል ላይ መንግ[ሥስ]ት ብሎ የጠየቀ የከተማዋን ስም በሁለቱም አጻጻፍ ያገኛል፤ መል[እዕ]ክት ያለም መልእክቱን። ማሽኑ ዩቲኤፍ 8 እንዲያነብብ አስቀድሞ ካልተነገረው ግን ቅንፉ ውስጥ ሁለት ፊደል ሳይሆን ስድስት ባይት ያያል፣ ያገኘሁት የለም ብሎም ዝም ይላል።