ከጨንቻ እስከ አርባ ምንጭ፦ የመምህራን ትምህርት በጋሞ

ዘመናዊ ትምህርት ወደ ጋሞ ምድር ሲገባ መምህሩ ከውጭ የመጣ ሰው ነበር። ሥልጠናውን የወሰደው አዲስ አበባ ወይም ሐረር ነው፤ የሚያስተምረው በአማርኛ ነው፤ ከተማሪው ቤት ቋንቋ ጋር የሚተዋወቀው ደግሞ ክፍል ከገባ በኋላ ነው። መምህራንን በራሱ በአካባቢው ማሠልጠን የተጀመረው በደርግ ዘመን ሲሆን፣ የሕፃኑን ቋንቋ የሚያውቅ መምህር ማዘጋጀት የሥልጠናው አካል እስኪሆን ድረስ ሌላ ሃያ ዓመት ገደማ አልፏል። ሥልጠናውን የሰጡት ተቋማት ታሪክ አጭር ነው። አከራካሪው ታሪክ በውስጣቸው የተሰጠው ትምህርት ነው፤ መምህር ለመሆን ምን ማወቅ ያስፈልጋል የሚለው ጥያቄ በየዘመኑ የተለያየ መልስ አግኝቷልና።

ከአስኳላ በፊት ልጅን ለአዋቂነት ማብቃት የቤተሰብና የአደባባይ ሥራ ነበር። በዶርዜና በአጎራባች የደጋ ቀበሌዎች ወንዱ ልጅ ከአባቱ ጎን ተቀምጦ ሽመናን፣ ሴቷ ከእናቷ ፈትልን ትማራለች። የነውርና የክልክሉ ትምህርት የሚሰጠው በጎሜ ነው፤ ጎሜ የተጣሰ ሥርዓት በሰው፣ በከብትና በእህል ላይ መዘዝ ያመጣል የሚለው እምነት ነው። ዱቡሻ በሚባለው የስብሰባ አደባባይ ደግሞ አዋቂዎች ስለ መሬት፣ ስለ ጠብና ስለ ዕርቅ ሲመክሩ ወጣቱ ዳር ሆኖ ያዳምጣል። ሀላቃ የሚባለው ባህላዊ ማዕረግ በምርጫና በሥርዓት የሚገኝ ስለነበር መናገርን ብቻ ሳይሆን ተራን ጠብቆ ማዳመጥንም መልመድ ግድ ነበር። ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ማርክ አቤሌስ በአርባ ምንጭ አቅራቢያ ባለችው ኦቾሎ ያጠናው ይህንኑ የአደባባይ ምክክር ነው። ይህ ሁሉ የትምህርት ሥርዓት ተብሎ በመንግሥት መዝገብ አልሰፈረም፤ ኋላ የመጡት የመምህራን ኮርሶችም ለረጅም ጊዜ እንደሌለ ቆጥረውታል።

ሁለተኛው ነባር ትምህርት የቤተ ክርስቲያን ነው። ከጋሞ ደጋ አብያተ ክርስቲያናት መካከል በጥንታዊነቷ የምትታወቀው ብርብር ማርያም ናት። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት መምህር የሚሆን ሰው የተለየ የማስተማር ዘዴ ትምህርት አይወስድም። ትልቁ ተማሪ ታናሹን ያስቀጽላል፤ በማስቀጸል ብዛት ማስተማርን ይለምዳል፤ በመጨረሻም ከታወቀ መምህር ዘንድ አስመስክሮ የራሱን ጉባኤ ይተክላል። ዘዴው ጠንካራ ጎን ነበረው፤ ማንም ሰው ሳያስተምር መምህር አይባልም ነበር። ድክመቱም የታወቀ ነው፤ ቃል በቃል መያዝ ከመረዳት ይቀድማል፣ አለንጋም ከየኔታ እጅ አይለይም።

በማዕከል መንግሥት ዘንድ መምህርነት ራሱን የቻለ ሥልጠና እንደሚፈልግ የታመነው ቆይቶ ነው። በአጼ ምኒልክ ዘመን የተከፈተው ትምህርት ቤት የተመካው በግብፃውያን ኮፕት መምህራን ላይ ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የመጀመሪያው የመምህራን ማሠልጠኛ በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተጀመረ፤ በ1940ዎቹ አጋማሽ ሐረር የራሷን ማሠልጠኛ አገኘች፤ በደብረ ብርሃን ደግሞ በዩኔስኮ ድጋፍ ለገጠር የማኅበረሰብ ትምህርት ቤቶች መምህራን ይዘጋጁ ጀመር። የደብረ ብርሃኑ አካሄድ ከሌሎቹ ይለያል። ዕጩው ከንባብና ከሒሳብ ሌላ እርሻን፣ ጤና አጠባበቅንና የመንደር ሥራን እንዲያውቅ ይጠበቅ ነበር፤ መምህሩ የክፍል ብቻ ሳይሆን የመንደሩም አገልጋይ ነው የሚል አስተሳሰብ ነበረው። ሐሳቡ ገጠሩን ለሚያውቅ ሰው ትክክል ነበር፤ የአገሪቱ ሥልጠና ግን በአብዛኛው የሄደው በሌላው፣ በመጽሐፉ መንገድ ነው።

የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ በዚያን ጊዜ በብርዳማው ደጋ ላይ ያለችው ጨንቻ ነበረች። በ1950ዎቹ መቀመጫው በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ ወደምትገኘው አዲሷ ከተማ፣ ወደ አርባ ምንጭ ወረደ። ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ መንገዱ በክረምት በሚቆረጥበት አገር ሁለተኛ ደረጃ መምህር ማግኘት ቀላል አልነበረም። ክፍተቱን በመጠኑ የሞላው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1954 ዓ.ም. ሲመሠረት የትምህርት ፋኩልቲው ከአሜሪካው የዩታ ዩኒቨርሲቲ በመጡ ባለሙያዎች ታግዞ የዲግሪ መምህራንን ማዘጋጀት ያዘ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ማንኛውም ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግል ተደነገገ፤ አብዛኞቹ የተመደቡት በመምህርነት ነበር። ሕግ ወይም ምህንድስና ያጠና ወጣት በድንገት ጠመኔ ይዞ ይቆማል። ለብዙ የገጠር ተማሪ ይህ ወጣት በቅርብ ያየው የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ ሰው ነበር፤ ስለ መሬት ጥያቄና ስለ ፖለቲካ የሰማውም ከእርሱ ነው።

የፋኩልቲው የኮርስ ዝርዝር የአሜሪካን ቅርጽ ይዞ ነበር፦ የትምህርት ፍልስፍና፣ የትምህርት ሥነ ልቦና፣ የማስተማር ዘዴ፣ ፈተናና ምዘና፣ በመጨረሻም የማስተማር ልምምድ። ይህ ቅርጽ በአገሪቱ የመምህራን ትምህርት ውስጥ እስከ ዛሬ አጥንቱ አልተነቀለም። የጎደለው ልጁ ነው። ሥነ ልቦናው የሚያስተምረው ሕፃን በምዕራብ ከተማ ያደገ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋው የሚማር ነው፤ ከብት ጠብቆ፣ ሸምኖ፣ በሦስተኛ ቋንቋ ስለሚማር ልጅ የሚያወራ ምዕራፍ አልነበረውም።

በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን የሥራ ማቆም አድማ መቱ። መነሻው የትምህርት ሴክተር ሪቪው የተባለው የማሻሻያ ዕቅድ ሲሆን፣ አድማው የንጉሡን መንግሥት ካናወጡት ክስተቶች አንዱ ሆነ። ከዚያ ደርግ ያወጀው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማራ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ በሂደት በ15 ቋንቋዎች፣ በፊደል ተጽፎ ተካሄደ። ጋሞኛ ከ15ቱ አንዱ አልነበረም፤ ለጋሞ ቅርብ የነበረው ወላይትኛ ነው። ያም ሆኖ ዘመቻው አንድ ነገር አሳይቷል፤ ከአማርኛ ውጭ ባለ ቋንቋ መጽሐፍ ማሳተምና ማስተማር በመንግሥት ደረጃ ይቻል ኖሯል።

የአርባ ምንጭ የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም የዚህ ዘመን ልጅ ነው። ደርግ አንደኛ ደረጃ ትምህርትን በፍጥነት ሲያስፋፋ የነበሩት ማሠልጠኛዎች አልበቁም፤ ስለዚህ ተጨማሪዎች በየክፍለ ሀገሩ ተከፈቱ። ሕዝቡ «ቲቲአይ» ብሎ የሚጠራቸው እነዚህ ተቋማት 12ኛ ክፍል የጨረሰን ወጣት በአንድ ዓመት መምህር አድርገው ያስመርቁ ነበር። በዚያች አንድ ዓመት ውስጥ የሁሉንም ትምህርት ማስተማሪያ ዘዴ፣ ሥነ ልቦና፣ የፖለቲካ ትምህርትና የጥቂት ሳምንት ልምምድ መጨረስ ነበረበት። የሚመደበው ግን ብዙ ጊዜ መኪና በማይደርስበት ቀበሌ ነው፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ከስድሳ በላይ ልጆች፣ አንዳንዴም የተለያየ ደረጃ ያላቸውን ይቀበላል። የቲቲአይ ምሩቅ ብዙ ተተችቷል፤ የአገሪቱን የገጠር ትምህርት ቤቶች በሮች የከፈተው ግን እርሱ ነው።

የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መልኩን ለወጠው። አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ሲፈቀድ ቋንቋው የመምህሩ ብቃት አንዱ መለኪያ ሆነ። በደቡብ ክልል አሠራሩ የአፍ መፍቻ ቋንቋ እስከ 4ኛ ክፍል፣ ከ5ኛ ጀምሮ እንግሊዝኛ ሆነ። ጥያቄው የቱ ቋንቋ የሚለው ነበር። ጋሞ፣ ወላይታ፣ ጎፋና ዳውሮ ያኔ በሰሜን ኦሞ ዞን ውስጥ ነበሩ፤ ቋንቋዎቻቸውም ተቀራራቢ ናቸው። ባለሥልጣናቱ ለአራቱም የሚያገለግል አንድ የተቀላቀለ ቋንቋ አዘጋጅተው ከየስማቸው መነሻ «ወጋጎዳ» አሉት፤ መማሪያ መጻሕፍትም ታተሙ። ቁጠባው በወረቀት ላይ ያምራል፤ አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ሥልጠና፣ አንድ ፈተና። ነገር ግን በቤቱ ወጋጎዳ የሚናገር አንድም ልጅ አልነበረም፤ መምህሩም ራሱ የማያውቀውን ቋንቋ እንዲያስተምር ተጠየቀ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በወላይታ ሶዶ የተነሣው ተቃውሞ የሰው ሕይወት አስከፍሎ መጻሕፍቱ ተነሡ። ሰሜን ኦሞ በ1993 ዓ.ም. ተከፋፍሎ ጋሞ ጎፋ የራሱ ዞን ሆነ፤ ጋሞና ጎፋም በ2011 ዓ.ም. ተለያዩ።

ጋሞኛ በላቲን ፊደል ተጽፎ በራሱ ስም የመማሪያ ቋንቋ ሲሆን ሥራው ገና መጀመሩ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ1 ሚሊዮን በላይ የሆነው ሕዝብ የሚናገረው ጋሞኛ ከደጋ ደጋ፣ ከደጋ ቆላ ይለያያል። በዞኑ ውስጥ እንደ ዘይሴ ያሉ የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው ሕዝቦችም አሉ፤ አርባ ምንጭ ከተማ ደግሞ የብዙ ብሔረሰብ መኖሪያ በመሆኗ አማርኛ ሰፊ ቦታ አለው። ዕጩ መምህሩ ራሱ ጋሞኛን የሚናገረው እንጂ በትምህርት ቤት የተማረው ላይሆን ይችላል፤ ስለዚህ የሚያስተምርበትን ጽሕፈት፣ ሰዋስውና የሒሳብ ቃላት መጀመሪያ ማሠልጠኛው ውስጥ ራሱ መማር ነበረበት።

የፌዴራሉ መንግሥት በ1995 እና 1996 ዓ.ም. ያወጣው የመምህራን ትምህርት ማሻሻያ፣ በአጠራሩ ቴሶ፣ የቀድሞውን የኮርስ ዝርዝር በግልጽ ነቀፈ። ንድፈ ሐሳቡ በዝቷል፣ የመምህራን አሠልጣኙ ራሱ በቃል ገለጻ ብቻ ያስተምራል፣ ዕጩው ትምህርት ቤት የሚያየው ሊመረቅ ሲል ነው ብሎ፣ ፕራክቲከም የሚባለው የትምህርት ቤት ልምምድ በየዓመቱ እንዲሰጥና ተግባራዊ ምርምር እንዲካተት አደረገ። የዲግሪው የትምህርት ጊዜ ግን ከአራት ወደ ሦስት ዓመት አጠረ። ትችቱ ትክክል ነበር፤ ጊዜን እየቀነሱ ሥራን መጨመር ግን የማይገጥም ስሌት ነው። ፕራክቲከሙን የሚያጅበው ነባር መምህር ብዙ ጊዜ ያለ ተጨማሪ ክፍያና ያለ ሥልጠና የተመደበ ስለነበር፣ ዕጩው የሚያየው የታሰበውን አዲስ ዘዴ ሳይሆን የለመደውን አሮጌውን ሆነ።

አርባ ምንጭ በዚህ ወቅት ሁለት ደረጃ ያለው ሥልጠና ነበራት። ማሠልጠኛው የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ሆኖ፣ ከሐዋሳ፣ ከዲላ፣ ከሆሳዕናና ከቦንጋ ኮሌጆች ጋር የደቡብን አንደኛ ደረጃ ይመግብ ነበር፤ 10ኛ ክፍል የጨረሱትን በመጀመሪያ በአንድ ዓመት ለምስክር ወረቀት፣ በኋላም በሦስት ዓመት ለዲፕሎማ ያበቃል። በ1979 ዓ.ም. የተቋቋመው የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ደግሞ በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሲሆን የሁለተኛ ደረጃ መምህራንም የሚዘጋጁበት ሆነ። የውሃ መሐንዲሶችን ለማፍራት የተገነባ ግቢ ሥነ ትምህርትን እንግዳ አድርጎ ነው የተቀበለው፤ ዛሬ የሥነ ትምህርትና ሥነ ባህርይ ትምህርት ቤት አለው።

ስለ ልጁ መብት የሚያወሳው ትምህርት ወደ ኮርሶቹ የገባው ከሁሉ ዘግይቶ ነው። ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶች ስምምነትን በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ ተቀበለች፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ መሆናቸውን ደነገገ። የወጣቶች ፖሊሲ በ1996 ዓ.ም. ወጣ። ከዚህ በኋላ ልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት፣ የሥነ ዜጋ ትምህርትና የምክር አገልግሎት በዕጩ መምህራን የጥናት ዝርዝር ላይ ቦታ አገኙ። በጋሞ ደጋ ይህ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከጨንቻና ከዶርዜ አካባቢ ሕፃናት ለሽመና ወደ አዲስ አበባ ሲወሰዱ ከሁሉ በፊት የሚያውቀው መምህሩ ነው፤ መስከረም ላይ ወንበሩ ባዶ የሆነውን ልጅ ስም የያዘው የእርሱ የስም መጥሪያ ነው። ይህን ልጅ ፍለጋ ወላጅ ቤት ድረስ የሚሄድ፣ ከቀበሌና ከሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ጋር መነጋገር የሚችል መምህር ማዘጋጀት ከማስተማር ዘዴ የተለየ ሙያ ይጠይቃል። በአገሪቱ ለዚህ ሙያ የቆመው የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት በ1950ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ ተከፍቶ፣ በአብዮቱ ዘመን ተዘግቶ፣ እንደገና የተከፈተው በ1996 እና 1997 ዓ.ም. ነው። መምህራንና ማኅበራዊ ሠራተኞች አብረው አልሠለጠኑም።

መስከረም 2011 ዓ.ም. ላይ በቡራዩና በአዲስ አበባ ዙሪያ በደረሰው ጥቃት የተቆጡ ወጣቶች አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል ሲወጡ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገዱ ላይ ተንበርክከው መለሷቸው። ወጣቶቹ በሥነ ዜጋ መጽሐፍ ያደጉ ነበሩ፤ ያስቆማቸው ግን በመጽሐፉ ውስጥ ያልነበረው የዱቡሻ ትምህርት ነው። ከክስተቱ ወዲህ ነባሩ የዕርቅ ሥርዓት በዩኒቨርሲቲ ጥናትና በውይይት መድረኮች በስፋት ይነሣል።

የመምህራን ሥልጠናው ቅርጽ ደግሞ ከቴሶ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተለውጧል። ከ2003 እና 2004 ዓ.ም. ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ መምህር መጀመሪያ በትምህርቱ ዘርፍ ዲግሪ ይዞ፣ ከዚያ ፒጂዲቲ የሚባለውን የማስተማር ዲፕሎማ እንዲጨምር ተደረገ። ውጤቱ አስቀድሞ የሚገመት ነበር፤ ሌላ ሥራ ያጣ ምሩቅ መምህርነትን የመጨረሻ ምርጫው አደረገው። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ የተዘጋጀው የትምህርት ፍኖተ ካርታ ዘርፉን ከገመገመ በኋላ የማስተማር ሙያና የትምህርት ዘርፉ ጎን ለጎን የሚሰጡባቸው የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራሞች እንደገና ተከፍተዋል፤ አዲስ አበባ የሚገኘው የኮተቤ ዩኒቨርሲቲም በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ተብሏል። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሲቀር የኮሌጆች ምልመላ ወደ 12ኛ ክፍል ጨራሾች ተመለሰ፤ ደርግ ዕጩዎቹን ይቀበልበት የነበረው ደረጃ መሆኑ ነው፣ የሥልጠናው ዘመን ግን ረዝሟል። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት አርባ ምንጭ ከክልሉ ማዕከላት አንዷ ሆነች፤ የመምህራን ኮሌጇም ከአሮጌው ክልል ወደ አዲሱ ተሻግሮ ሥራውን ቀጥሏል።