የብርሃን ወሰን፦ የመኪና መብራት ካርቶን ላይ የማይጻፈው ነገር

ሆሳዕና ውስጥ መለዋወጫ ሱቅ ገብታችሁ የፊት መብራት አምፖል ብትጠይቁ፣ ሻጩ ቀድሞ የሚያወርድላችሁ ቁጥር የበዛበትን ካርቶን ነው። «8,000 ሉመን»፣ «20,000 ሉመን»፣ «6,000 ኬልቪን» ይላል። ገዢውም ቁጥሩን አይቶ ይወስናል። ቁጥሮቹ እውነት ናቸው እንኳ ብንል፣ ከሁሉ የሚበልጠውን አይነግሩንም፤ ብርሃኑ የት ላይ እንደሚቆም። የመኪና መብራት ባለሙያዎች ይህን ማቆሚያ «ካት-ኦፍ» ይሉታል። እኔ «የብርሃን ወሰን» ብዬዋለሁ።

«መቁረጫ» ማለትም ይቻል ነበር፤ ነገር ግን መቁረጫ ሲባል ለሰሚው የሚመጣለት ማብሪያ ማጥፊያ ወይም መጋዝ ነው። ወሰንን ግን በሀዲያም ሆነ በከምባታ፣ በሁለት የእንሰት ጓሮዎች መካከል ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ወሰን የሚገፋ ጎረቤት ምን እንደሚባልም ያውቃል።

አጭር መብራት አብርታችሁ ከግድግዳ ፊት ብትቆሙ ከታች ብሩህ፣ ከላይ ጨለም ያለ ሁለት ሜዳ ታያላችሁ። የሚለያቸው መስመር ነው የብርሃን ወሰን። ከመስመሩ በታች ያለው የእናንተ መንገድ ነው፤ በላይ ያለው ከፊት የሚመጣው ሾፌር ዓይን ነው። እኛ በቀኝ ስለምንነዳ መስመሩ በግራ በኩል ቀጥ ብሎ ይሄድና ከመሃል ጀምሮ ወደ ቀኝ በ15 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። ያ ከፍታ በመንገዱ ዳር የሚሄደውን እግረኛና ገበያ ውሎ የሚመለሰውን አህያ ቀድሞ እንዲያሳይ ነው። እንደ ጃፓንና እንግሊዝ በግራ በሚነዳበት አገር ግን ነገሩ ይገለበጣል። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ መኪና ካላችሁና መብራቱ ካልተቀየረ፣ ከፍታው ያረፈው ከፊት በሚመጣው ሰው ላይ ነው። ከመብራቱ ፊት ለፊት ቆማችሁ መስታወቱን እዩ፤ ወደ ቀኛችሁ ብቻ የሚያመለክት ቀስት ካለበት በግራ ለሚነዳበት አገር የተሠራ ነው።

ወሰኑ ከየት ይመጣል? እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ የተስፋፋውን ኤች4 የተባለ የሃሎጂን አምፖል ወስዳችሁ አገላብጡት። በብርጭቆው ውስጥ ሁለት የሚግሉ ሽቦዎች አሉ፤ ባለ 60 ዋቱ ለረጅም፣ ባለ 55 ዋቱ ለአጭር መብራት። ከአጭሩ ሽቦ ሥር የጥፍር ያህል የብረት ሽፋን ተቀምጣለች። ሥራዋ ብርሃኑ በታችኛው ግማሽ አንጸባራቂ ላይ እንዳያርፍ መከልከል ነው፤ እዚያ ቢያርፍ ኖሮ ነጥሮ ወደ ላይ፣ ወደ ሰው ዓይን ይሄድ ነበር። የቀኙ ከፍታም የሚፈጠረው የሽፋኗ አንዱ ጠርዝ በ15 ዲግሪ ስለሚያጥር ነው። አምፖሉ ሦስት ጆሮ ያለውም ዞሮ እንዳይገባ ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ ለስንት ሉመን ነው ቢባል፣ አጭሩ 1,000 ያህል፣ ረጅሙ 1,650 ያህል ነው። ከሆሳዕና ሃላባ በማታ የሚያደርሰው ይኸው 1,000 ሉመን ነው።

አሁን በዚሁ ቀዳዳ «20,000 ሉመን» የሚለውን ኤልኢዲ እናስገባ። ሉመን ከአምፖሉ በየአቅጣጫው የሚወጣው ብርሃን ድምር ነው፤ መንገዱ ላይ ምን ያህል አረፈ የሚለውን የሚለካው ሉክስ ነው። አንጸባራቂው የተቀረጸው ሽቦው ላለበት ነጥብ ነው። የኤልኢዲው ቺፕ ከዚያ ነጥብ ትንሽ እንኳ ዝንፍ ካለ ብርሃኑ ይበተናል፣ ወሰኑም ይፈርሳል። ሾፌሩ ፊት ለፊቱ ቦግ ሲል አይቶ «መብራቴ ጎበዝ ነው» ይላል፤ ሩቁ ግን እንደ ድሮው ጨለማ ነው። ቁጥሩንም ቢሆን ዋቱ ያጋልጠዋል። ጥሩ የመኪና ኤልኢዲ በአንድ ዋት 100 ሉመን፣ ቢበዛ ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ ይሰጣል። ካርቶኑ 36 ዋት ጽፎ 20,000 ሉመን ካለ፣ ሻጩን አትከራከሩት፤ መልሱለትና ውጡ።

ኤልኢዲ ራሱ ግን ጥፋት የለበትም። አሁን በብዛት በሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ያለው ከነአንጸባራቂው ወይም ከነሌንሱ አብሮ የተሠራ ስለሆነ ወሰኑ እንደ ክር ቀጥ ያለ ነው። ችግሩ ያለው ለሌላ ቤት የተሠራውን በሌላ ቤት ማስገባቱ ላይ ነው። ባጃጅ ጣሪያ ላይ የሚታሰረው ፓውዛ ደግሞ ጭራሽ ወሰን የሚባል ነገር የለውም፤ ለመንገድ አልተሠራማ። ለዶዮገና ጭጋግም አይበጅም፤ ወደ ላይ የተበተነ ብርሃን የጭጋጉን ጠብታ መትቶ ወደ ሾፌሩ ይመለሳል።

ደህና አምፖል ይዞም ወሰን ይገፋል። ብዙ መብራቶች ላይ «1%» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ብርሃኑ በየ10 ሜትሩ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል ማለት ነው። መብራቱ ከመሬት 80 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል፣ ወሰኑ 80 ሜትር ላይ መሬት ይነካል። በመስቀል ሰሞን ለያሆዴ በዓል ወደ ሀዲያ፣ ለመሳላ በዓል ወደ ከምባታ የሚወጣውን ዶልፊን ሚኒባስ አስቡት፤ ኋላው በሰው፣ ጣሪያው በዕቃ ሞልቷል፤ ኋላው ረግጦ አፍንጫው ተነሥቷል። አፍንጫው 1 ዲግሪ ብቻ ቢነሣ ወሰኑ በ100 ሜትር ርቀት 1.75 ሜትር ያህል ወደ ላይ ይሄዳል። ያ ማለት፣ የመብራቱ ቁመትና የ1% ዝቅታው ሲታሰቡ፣ መሬት መንካት የነበረበት ብርሃን ከመሬት 1.55 ሜትር ላይ ነው፤ ከቤት መኪና ሾፌር ዓይን በላይ። ሾፌሩ «አጭር ነው ያበራሁት» ቢል እውነቱን ነው፤ የታወረውም ሰው እውነቱን ነው። በብዙ መኪኖች መሪ አጠገብ ከ0 እስከ 3 የተጻፈበት ትንሽ ማዞሪያ የተቀመጠው ለዚህ ቀን ነበር፤ ነክቶት የሚያውቅ ሾፌር ግን ጥቂት ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ ለመስቀል ወደ አገር ቤት የምትነዱ፣ ዕቃው ተጭኖ ሰዉ ከገባ በኋላ መኪናውን ለጥ ባለ ቦታ ከግድግዳ 5 ሜትር አርቃችሁ አቁሙ። የመብራቱን መሃል ቁመት ለኩና ግድግዳው ላይ ከዚያ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጋችሁ በጠመኔ አስምሩ። የብርሃኑ ወሰን ከመስመሩ በላይ ካረፈ በማዞሪያው ብርሃኑን ዝቅ አድርጉት፤ ማዞሪያ ከሌለው ከመብራቱ ጀርባ ያለውን ማስተካከያ ብሎን በካቻቢቴ አስተካክላችሁ ውጡ።