ስለ ድምፅ ማጉያና ስለ ማመካኛው

የሀገራችን ክብ ቤተ ክርስቲያን በሦስት ክፍል እንደ ተሠራ የታወቀ ነው፤ ይኸውም ቅኔ ማሕሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ነው። ካህኑ በመቅደስ ሆኖ ሲቀድስ ድምፁ መጋረጃውንና ግድግዳውን አልፎ በዐጸዱ ዛፍ ሥር ለቆመው ሕዝብ መድረስ አለበት። በይልማና ዴንሳ በምትገኘው በአዴት እንደ ሌላውም የጎጃም አገር በክብረ በዓል ቀን ከውስጥ ከሚቆመው ይልቅ በውጭ የሚቆመው ይበዛል።

አባቶች ይህን ችግር በደወል አቃለሉት። በጣና ገዳማት እስከ ዛሬ የሚታየው የድንጋይ ደወል፣ ረጅም ድንጋይ ተንጠልጥሎ በሌላ ድንጋይ የሚመታ ነው፤ ድምፁም እንደ ብረት ይጠራል። ድንጋይ ሽቦ የለውምና፣ ደወሉ ቢዘገይ የሚመካኝበት የደዋዩ እንቅልፍ ብቻ ነበር።

በ1908 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1915) ፒተር ጄንሰንና ኤድዊን ፕሪድሃም በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ፣ በምዕራባውያን የልደት ዋዜማ፣ ድምፅ ማጉያቸውን ለብዙ ሕዝብ አሰሙ። መሣሪያው ከብዙ ዘመን በኋላ ወደ እኛ ደብሮች ሲገባ ማመካኛውም ተከትሎት ገባ።

ማመካኛውስ ብዙ ነው። ስብከቱ ከመካከል ሲቋረጥ «ሽቦውን አይጥ በላው» ይባላል፤ አይጧ ግን ከሳምንቱ ቀን ሁሉ እሑድን ስለ ምን እንደ መረጠች የሚጠይቅ የለም። ፈጽሞ ሲጠፋ «መብራት ሄደ» ይባላል፤ በአጠገቡ ያለው ሱቅ አምፖል ግን ቦግ ብሎ ይበራል። ሲያፏጭ ደግሞ ነፋስ ይወቀሳል፤ ነፋስ ከሌለም ሰይጣን።

ዋሸራንና ጎንጅን የመሰሉ የቅኔ ቤቶች በበቀሉበት አገር ማመካኛውም ሰምና ወርቅ ቢኖረው አያስደንቅም። ሰሙ ነፋስ ነው፤ ወርቁ ማብሪያውን ሳይነካ የመጣው ሰው ነው።

የፉጨቱ ምክንያት ግን ቀላል ነው። ከማጉያው የወጣው ድምፅ ተመልሶ ወደ ማይክሮፎኑ ይገባል፤ እንደ ገና ጎልቶ ይወጣል፤ እንዲህ እየዞረ ይጮኻል። በፈረንሳይኛ ይህ ነገር በዴንማርካዊው ሊቅ በሶረን ላርሰን ስም ይጠራል። ማጉያውን ወደ ሕዝቡ አዙሮ ማይክሮፎኑን ከኋላው ማድረግ፣ ኀይሉንም ጥቂት መቀነስ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ሰይጣን ቢያንስ ከዚህ ክስ ነጻ ነው።

ሣቁ ለውስጡ ሰው ነው። ማጉያው ሲጠፋ ወንጌሉ የሚያመልጠው በውጭ የቆመውን ነው፤ ማመካኛውም የሚነገረው በዚያው በጠፋው ማጉያ ስለ ሆነ እርሱንም አይሰማም። በዚያች ሰዓት ወደ እርሱ የሚደርሰው የዲያቆኑ ቃጭል ብቻ ነው።